ለትሮፒካል ሕክምና ሽልማት ባልደረባን ሲጠቁሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በወባና በቢልሃርዚያ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ባለሙያዎችን ለሽልማት መጠቆም የሁላችንም ዕዳ ነው። ሆኖም ጥሩ ሥራ በደካማ ደብዳቤ ይቀበራል።

ድካሙን ዘርዝሮ ለውጡን መተው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። «ያለመታከት አገለገለ» ለገምጋሚ ምንም አይነግረውም። «ይህን ያህል ሕፃናት መድኃኒት ዋጡ» ማለትም አይበቃም። የቢልሃርዚያ መድኃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም ሲሰጥ ያደገውን የበሽታውን ትል ይገድላል፤ ገና ያላደገውን ግን እምብዛም አይነካም፣ ልጁ ተመልሶ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለበት ወንዝ ሲገባም ዳግም ከመያዝ አያድነውም። ማስረጃው ከሕክምናው በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ዘዴ የተሠራ የሰገራ ምርመራ ነው። በካቶ-ካትዝ፣ ማለትም የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ በመቁጠር ዘዴ ከሆነ፣ የተለመደው መስፈሪያ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ስለሚይዝ፣ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ተባዝቶ በአንድ ግራም ይጻፋል። 3 እንቁላል 72 ይሆናል፣ ቀላል የሕመም ደረጃ፤ 5 እንቁላል 120፣ መካከለኛ። የመጀመሪያው ዙር ተባዝቶ የኋለኛው ሳይባዛ ከቀረበ በሽታው የጠፋ ይመስላል። ገምጋሚው ይህን ካገኘ የቀረውንም አያምንም።

ቦታውን አለመለየት። «ደሴ ላይ ወባን ቀነሰ» የሚል ደብዳቤ ጥያቄ ያስነሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ደሴ ላይ የሚታከም የወባ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የተነከሰው ወደ ቆላ ወርዶ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው የታከመበት ብቻ ሳይሆን፣ ከመታመሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ያደረበት ቀበሌም ይጻፍ።

የብዙዎችን ሥራ ለአንድ ሰው ማሸከም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስተዋለ፤ የ1989ኙን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ግን ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ነው የተቀበለው። ቤት ለቤት የዞረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ድርሻዋ ቢጠቀስ እጩውን አያሳንሰውም፣ ያስከብረዋል እንጂ።

መስፈርቱን ሳያነቡ መላክ። በ1907 የተመሠረተው የብሪታንያ ንጉሣዊ የትሮፒካል ሕክምናና ንጽሕና ማኅበር ከአንድ በላይ ሜዳሊያ አለው። በመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ በፓትሪክ ማንሰን የተሰየመው ከፍተኛው ነው፤ የቻልመርሱ በሥራ ዘመናቸው አጋማሽ ላይ ያሉትን ይመለከታል።

የዘመን አቆጣጠርን መደባለቅ። «በ2008 የተጀመረ» ሲባል ውጭ ያለው አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ይወስደዋል፣ ሥራውም በሰባትና ስምንት ዓመት ያረጃል። ሁሉም ቀን ወደ እ.ኤ.አ. ተቀይሮ ከእጩው የሥራ ታሪክ ጋር ይመሳከር፤ ከመላኩ በፊትም እጩው ራሱ አንብቦ ይፍቀድ።