ከጮቄ አፈር አንቲባዮቲክ ሠሪ ባክቴሪያ ለማውጣት

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ የላዩን ቅጠልና ሣር ጠርገው ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይውሰዱና ለአንድ ሳምንት በጥላ ያድርቁት፤ ድርቀቱ ስፖር (ድርቀትን የሚቋቋም ዘር መሰል ህዋስ) የማይሠሩትን ባክቴሪያዎች ስለሚቀንስ ይህን እርምጃ አይዝለሉ። 1 ግራሙን በ9 ሚሊ ሊትር ከተዋህስያን በጸዳ ውኃ በጥብጠው፣ ደጋግመው አቅጥነው፣ በሳህን ውስጥ ባለ የስታርችና ካዜይን አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ በስሱ ይቀቡት፤ በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ7 እስከ 14 ቀን ያቆዩት። የሚፈልጉት አንቲባዮቲክ ሠሪ ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶማይሲስ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ አጋሩን ነክሶ የያዘ ጠንካራ ክምችት ይሠራል። የክረምት መግቢያ ዝናብ ከእርሻው የሚያስነሣው ሽታም በአብዛኛው የእርሱ ነው፤ ሆኖም ሳህኑን ከፍተው አያሽትቱ።

በአጋሩ በሊትር 0.01 ግራም አይረን ሰልፌት (የብረት ጨው) መኖሩን ያረጋግጡ። አንዳንድ የስትሬፕቶማይሲስ ዝርያዎች ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚታዘዘውን ፎስፎማይሲን ሲሠሩ፣ የመድኃኒቱን ባለሦስት ጎን የአቶሞች ቀለበት የሚዘጋው ኢንዛይም በእምብርቱ አንድ የብረት አቶም ይዟል፤ ብረቱ ከሌለ ቀለበቱ አይዘጋም።