ድምፅ ሳያሰሙ የሚቀሩ ተግባራት፦ በፓይተን እንዴት እንደፈታሁት

በርካታ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ የሚያወርድ የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ፕሮግራም አልፎ አልፎ ጥቂቶቹን ሳያወርድ ይጨርስ ነበር፤ ያውም ያለ አንድ የስህተት መልእክት። ዝም ብሎ ከሚያጎድል ፕሮግራም እየጮኸ የሚወድቅ ይሻላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። «ክሪኤት ታስክ» የተባለው የፓይተን ትእዛዝ ተግባሩን፣ ተግባራትን እያፈራረቀ ለሚያስኬደው ዑደት አስረክቦ ወዲያው ይመለሳል፤ ውጤቱን በ«አዌይት» የሚጠብቅ ከሌለ ዋናው ተግባር ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ያን ጊዜ ዋናውን ተግባር የሚያስኬደው «አሲንክአይኦ ረን» ያላለቁትን በሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ይሰርዛቸዋል።

በመጀመሪያ ተግባራቱን ሁሉ በዝርዝር ይዤ፣ የብዙ ተግባራትን ውጤት በአንድነት ለሚጠብቀው ለ«ጋዘር» ሰጠሁት። ግማሽ መፍትሔ ነው፦ አንዱ ሲሰናከል ስህተቱ ወዲያው «ጋዘር»ን ወደ ጠራው ኮድ ይወጣል፣ ሌሎቹ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ፕሮግራሙ በዚያ ስህተት ከቆመ እነሱም ያው ይሰረዛሉ። «ሪተርን ኤክሴፕሽንስ» የሚለውን አማራጭ «ትሩ» (እውነት) ሳደርገው ስህተቶቹም እንደ ውጤት ተቆጥረው፣ ተግባራቱ በተሰጡበት ቅደም ተከተል ተመለሱ። የትኛው ፋይል እንደከሸፈ ለይቶ እሱን ብቻ መድገም ቀላል ሆነ።

በፓይተን 3.11 የመጣው፣ ተግባራትን በቡድን የሚይዘው «ታስክ ግሩፕ» በአጠቃላይ ይበልጥ ንጹሕ አሠራር አለው። ነገር ግን አንዱ ሲወድቅ የቀሩትን ስለሚሰርዝ፣ እያንዳንዱ ፋይል ራሱን ችሎ ለሚወርድበት ለዚህ ሥራ አልመረጥኩትም።