«ቴንሽነሩ ደህና ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አንድ ሚኒባስ ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሞ በገመድ ተጎትቶ ደሴ መጣ። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ በመስኮት «ቺንጊያው አዲስ ነው፣ ሦስት ወር አልሞላውም» አለኝ።

የታይሚንግ ቺንጊያውን ካቨር ፈታሁት። ይህ ቺንጊያ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ ክራንኩን፣ ከካምሻፍቱ ጋር የሚያገናኝ ባለጥርስ ጎማ ነው። ካምሻፍቱ ደግሞ ባልቦላዎቹን፣ የሞተሩን የአየርና የጭስ በሮች፣ ይከፍታል። እውነቱን ነው፣ አዲስ ነበር። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም። ጥርሶቹ ግን ተላጭተው የተፈጨ ጎማ ሆነዋል። ቺንጊያውን የሚወጥረውን ቴንሽነር በጣቴ ሳሽከረክረው ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ተንኮሻኮሸ።

«ይሄስ?» አልኩት።

«እሱ ደህና ነው ተብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ይህችን «ደህና ነው» ስንት ዓመት ሰማኋት! ዛሬ ልናገር።

ቺንጊያውን ብቻ መቀየር የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ቴንሽነሩ ውስጥ ኩሽኔታ አለ። ግሪሱ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ የተዘጋ ነው። ክራንኩ በዞረ ቁጥር እሱም ይዞራል። ቺንጊያው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ኩሽኔታው ቤቱ ተኝቶ አልነበረም፣ እኩል ሮጧል። ታዲያ አንዱ አርጅቶ ሌላው በምን ተአምር ደህና ይሆናል? ደግሞ እዚያ ለመድረስ የሚፈታው ያው ነው። ራዲያተር፣ የዲናሞ ቺንጊያ፣ የክራንክ ፑሊ፣ ካቨር። የእጅ ዋጋውን ከፍላችኋል። ከዚያ በአንድ ኩሽኔታ ትጨቃጨቃላችሁ። ኩሽኔታው ሲነክስ ቺንጊያው ይላጫል። ቺንጊያው ሲላጭ ፒስተኑ ክፍት ሆኖ የቀረውን ባልቦላ ይመታል። ቴስታታ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ይወርዳል። ያኔ የተቆጠበችው ብር ትዝ ትላችኋለች።

ከዚህ የባሰም አለ። የጋራዥ ልጆች ኩሽኔታውን በናፍጣ ያጥቡታል! ወይም የጎኑን መሸፈኛ በካቻቢቴ ገልብጠው ግሪስ ይጠቀጥቁበታል። አዲስ ይመስላል፣ ድምፁም ይጠፋል። የታጠበው ግሪስ ግን አይመለስም፣ የተገለበጠውም መሸፈኛ አቧራ ያስገባል። በጥርጊያ መንገድ አቧራ ውስጥ ስንት ቀን ይቆይ? አንድ ተለማማጅ ይህን ሲያደርግ ካየሁት ቀኑን ሙሉ ቸርኬ ነው የማሳጥበው።

ስፕሪንጉም ያረጃል፣ ይለጠጣል። በዘይት ግፊት የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዘይት ካላበው፣ ወይም ዘንጉ በእጅ ሲገፋ እሺ ብሎ ከገባ፣ አለቀለት። ሲገጠም በጊራ (ዕቃ ጨምቆ በሚይዘው መሣሪያ) ቀስ ተብሎ ነው የሚጨመቀው። በመዶሻ አይደለም።

ሌላው ስህተት ኪሎ ሜትር ብቻ ማየት ነው። አንድ ሀጂ ከባቲ ላንድክሩዘራቸውን አመጡልኝ። ሰኞ ሰኞ ገበያ ይሄዱበታል፣ ሰርግ ሲኖር ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ይቆማል። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ የሚባለው ናፍጣ ነው።

«ገና 60,000 አልሞላም እኮ ልጄ» አሉኝ።

አልዋሹም። ግን መኪናው ከተገዛ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቺንጊያውን አውጥቼ ጀርባውን ጎበጥ ሳደርገው የበጋ መሬት መሰለ፣ ሁሉ ቦታ ተሰነጣጥቋል። ጎማ ነዋ! ቆሞም ያረጃል፣ በባቲ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ሀጂ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ለረዳታቸው «ስልክ ደውልና ሰርጉ ላይ በሌላ መኪና ሂዱ በላቸው» አሉት።

በዚያው ስለ መብራቷ። የቶዮታ ናፍጣዎች ብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለቻቸው። የምትበራው ኪሎ ሜትር ቆጥራ ነው። ቺንጊያውን አታየውም። አልበራችም ማለት ቺንጊያው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ደግሞ ሊሸጥ የተዘጋጀ መኪና ላይ አምፖሏ ተነቅሎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። መኪና ስትገዙ ቁልፉን ስትከፍቱ ከሌሎቹ ጋር አብራ በርታ መጥፋቷን እዩ። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ የቺንጊያው ታሪክ ካልታወቀ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት።

ቺንጊያው የተቀየረበትን ቀን ጽፋችሁ ካቨሩ ላይ ለጥፉ። ግን ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉበት። ካቨር ላይ «2012» ብቻ ተጽፎ አይቼ ከባለቤቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። የኛው ነው ወይስ የፈረንጁ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፣ የአንድ ቺንጊያ ዕድሜ ማለት ነው።

ዘይት የነካው ቺንጊያ አይጠረግም፣ ይጣላል። ዘይቱ የመጣበት የክራንክ ወይም የካምሻፍት ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) አብሮ ይቀየራል።

በጣም ማጥበቅም ስህተት ነው። ሞተሩ ሲያፏጭ «ጥሩ ተወጥሯል» የሚል ሰው አለ። ኩሽኔታውን እየገደለ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ከብት ነጋዴ ኤል 200 ሚትሱቢሺ ሠራሁ። 4ዲ56 የሚባለው ሞተር ሁለት ቺንጊያ አለው። ትልቁ የካምሻፍቱ ነው። ትንሿ የሞተሩን ንዝረት የሚያስተካክሉትን ዘንጎች ታዞራለች። ትልቁን ቀየርኩ። ትንሿ ደሴ አልነበረችም፣ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ማስመጣት ነበረብኝ። አየኋት፣ ጥሩ መሰለችኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? «ደህና ናት።» ሁለት ወር ሳይሞላ መርሳን አለፍ ሲል ትንሿ ተተልትላ ትልቁ ውስጥ ገባች። ነጋዴው በሬ ጭኖ ነበር። ያሠለጠነኝ ሰውዬ አልተቆጣኝም። የተተለተለችውን ቺንጊያ ከዕቃ መሳቢያዬ በላይ በምስማር ሰቀላት። እዚያ እስከሠራሁ ድረስ ካቻቢቴ ላነሳ በተጠጋሁ ቁጥር ግንባሬን ትነካኝ ነበር።

ቺንጊያውን ከገጠማችሁ በኋላ ወዲያው ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) አትምቱ። ክራንኩን በቁልፍ፣ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው፣ ስለዚህ የክራንኩና የካምሻፍቱ ፑሊ ላይ ያሉት የልክ ምልክቶች ያኔ ተመልሰው ይገጥማሉ። ካልገጠሙ ፍቱት። በመሀል እጃችሁ ጠንካራ ነገር ከተሰማው ቁሙ፣ ባልቦላ ነው። እጅ ያቆመዋል፣ ሞተሪኖ አያቆመውም። ደግሞ ሌላ ሰው በነጭ ቀለም የቀባውን ምልክት አትመኑ፣ የፋብሪካውን ፈልጉ።

ሞተር መንገድ ላይ ድንገት ጥፍት ካለና ሞተሪኖው ከወትሮው ቀለል ብሎ ቶሎ ቶሎ ከዞረ፣ እባካችሁ ቁልፉን አውጡ። እኛ አገር ሰው ደግ ነው። ሁሉም ወርዶ «አብሽር፣ ይነሳል» ብሎ ይገፋል። ቺንጊያው ሁለት ጥርስ ብቻ ዘሎ ሊሆን ይችላል፣ ባልቦላውም ገና አልተነካ ይሆናል። ቁልቁል አንደርድራችሁ ማርሽ ስታስገቡ ግን ራሳችሁ ታስመቱታላችሁ። ሐረጎን በጠፋ ሞተር መውረድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፍሬኑ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። የቆየው ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተሩ ቺንጊያው ቢበጠስ ባልቦላና ፒስተኑ አይገናኙም። ይቆማል፣ ይጎተታል፣ አዲስ ይገባለታል፣ ይሄዳል። ቪትዝ ደግሞ ጭራሽ ታይሚንግ ቺንጊያ የለውም፣ ሰንሰለት ነው። የቪትዝ ታይሚንግ ቺንጊያ ቀየርንልህ ተብላችሁ ከከፈላችሁ፣ የተቀየረው የዲናሞው ነው። እሱም ከተቀየረ።

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። ቴስታታውን አውርጄ ስምንቱን ባልቦላ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ ሰፊውን ራሳቸውን ከጠርዙ ውጭ አድርጌ ዘንጋቸውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባለልኩለት። የጎበጠው ይዘላል፣ ደህናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሹፌሩ እየቆጠረ ቆየ። ሲጨርስ ምንም አላለም። ማታ ሊሄድ ሲል ግን ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ ያን አሮጌ ቴንሽነር ስጠኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ኮምቦልቻ የማሳየው ሰው አለ» አለና በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።