40 በመቶ ታክስ ትከፍላላችሁ? ለሥራ ካወጣችሁት ላይ ተመላሽ እንዲህ ይጠየቃል

ብሪታንያ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ታክሱ ከደመወዙ ተቆርጦ ስለሚያልቅ ከታክስ ቢሮው፣ ከኤችኤምአርሲ፣ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለውም። ለሥራ ብላችሁ ከኪሳችሁ ያወጣችሁትን ግን ካልነገራችሁት ቢሮው አያውቅም። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የዓመት ገቢው ከ50,270 ፓውንድ ያለፈ ሰው ከዚያ በላይ ባለው ገቢ ላይ 40 በመቶ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ዝም ሲል የሚቀርበት ገንዘብም ከሌላው እጥፍ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ተመን ስላላት ስሌቱ እዚያ ይለያል።

መጀመሪያ ወጪውን መርምሩ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ወጪው ሥራውን ለመሥራት የግድ የሚያስፈልግ፣ ለሥራም ብቻ የዋለ መሆን አለበት። ከቤት ወደ መደበኛው ሥራ ቦታ የምትሄዱበት ትራንስፖርት አይያዝም። ለቢሮ የገዛችሁት ሱፍም እንዲሁ። አሠሪያችሁ የመለሰላችሁንም እርሱት፤ ከፊሉን ብቻ ከመለሰ ግን ቀሪውን መጠየቅ ይቻላል። ከቤት የሚሠሩ ሰዎች ይጠይቁት የነበረው በሳምንት 6 ፓውንድ ከኤፕሪል 6 ቀን 2026 ጀምሮ ቀርቷል። ላለፉት ዓመታትም ቢሆን የሚሰጠው ከቤት መሥራት ግዴታው ለነበረ እንጂ ወዶ ለሠራ አይደለም።

ቀጥሎ አስሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚመለሰው ወጪው ሳይሆን በወጪው ልክ የከፈላችሁት ታክስ ነው። በራሷ መኪና በሽተኞችን ቤታቸው እየሄደች የምታክም አንዲት ነርስ እንውሰድ። በ2024/25 የታክስ ዓመት (ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2025) ለሥራ 3,000 ማይል ነዳች። የተፈቀደው በማይል 45 ፔንስ ነበር (እስከ 10,000 ማይል)፣ አሠሪዋ 25 ፔንስ ከፈላት። የ20 ፔንሱ ልዩነት 600 ፓውንድ ይሆናል። የነርሶች ምዝገባ ዓመታዊ ክፍያ 120፣ ለዩኒፎርም እጥበት ለነርሶች የተወሰነው 125 ሲጨመር 845 ፓውንድ። የዚህ 40 በመቶ 338 ፓውንድ ነው።

ደመወዟ 50,670 ቢሆንስ? ከ50,270 ጣሪያው ያለፈው 400 ብቻ ነው። በዚያ ላይ 160 ታገኛለች፤ በቀረው 445 ላይ ግን የሚታሰብላት 20 በመቶ፣ ማለትም 89 ፓውንድ ነው። ድምሩ 249። ስለዚህ ፒ60 ላይ (አሠሪያችሁ በታክስ ዓመቱ መጨረሻ በሚሰጣችሁ የደመወዝና የታክስ ማጠቃለያ) የሰፈረውን ደመወዛችሁን ሳታዩ ገንዘቡን በሐሳብ አታውጡት።

ማስረጃ ያዙ። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል። ደረሰኝ ይጠየቃል። ለመኪና ጉዞ የእያንዳንዱን ቀን፣ ምክንያቱን፣ የመነሻና የመድረሻውን ፖስትኮድ መዝግቡ። በዓመቱ መጨረሻ አስታውሼ እጽፈዋለሁ ማለት አያዋጣም።

ከዚያ አመልክቱ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ባለው የግል የታክስ አካውንታችሁ፣ ወይም ፒ87 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ በፖስታ። ሰልፍ አሰስመንት፣ ማለትም ገቢያችሁን ራሳችሁ የምታሳውቁበትን ዓመታዊ የታክስ መግለጫ፣ የምትሞሉ ከሆነ ግን እዚያው ላይ ነው የሚሞላው። የአንድ ዓመት ወጪያችሁ ከ2,500 ፓውንድ ካለፈም መንገዱ ሰልፍ አሰስመንት ነው። የታክስ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 4 ዓመት ጊዜ አላችሁ፤ የ2022/23 በር የሚዘጋው ኤፕሪል 5 ቀን 2027 ነው።

ማመልከቻው በነፃ ነው። እኛ እናስመልስላችሁ የሚሉ ድርጅቶች ከምታገኙት ላይ ይቆርጣሉ። ፎርሙ ደግሞ ያን ያህል አይከብድም።

ያለፈው ዓመት ገንዘብ በባንክ ወይም በቼክ ይመጣል። የዘንድሮው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ታክስ ኮዳችሁ (አሠሪያችሁ ምን ያህል ታክስ እንደሚቆርጥ የሚነግረው መለያ) ተስተካክሎ፣ በየወሩ የሚቆረጠው በመቀነሱ ነው። ሥራ ከቀየራችሁ ወይም ወጪው ከቆመ ወዲያው አሳውቁ፤ አለበለዚያ ኮዱ እንደነበረ ይቀጥልና ኋላ ዕዳ ይሆንባችኋል።

አካውንቱን ከፍታችሁ እያለ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሌላ በጎ አድራጎት በጊፍት ኤይድ (መንግሥት በስጦታው ላይ የተከፈለውን ታክስ ለድርጅቱ በሚጨምርበት አሠራር) የሰጣችሁትንም ተመልከቱ። 100 ፓውንድ ስትሰጡ ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ይጨመርለታል፤ 40 በመቶ ከፋይ ደግሞ ለራሱ ሌላ 25 መጠየቅ ይችላል።