ሞተር ሳይክል ሲግል የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በጋለ ሞተር ሳይክል ላይ የሚፈጸሙት ስህተቶች ብዙዎቹ ከመኪና የተወረሱ ናቸው። መኪና ሲግል ራዲያተሩ ይታያል፣ ውሃ ይሞላል። በየወረዳው የሚመላለሱት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ግን በአብዛኛው ራዲያተር የላቸውም። የሚያቀዘቅዛቸው ሲሄዱ የሚመታቸው ነፋስና ሆዳቸው ውስጥ ያለው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ያልታመመን ማከም ነው። ሲሊንደሩ ላይ እንትፍ ብሎ ምራቁ ሲንጫጫ «ጋለ» የሚል ብዙ ሰው አለ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ደግሞ ጤነኛ ሆኖም ቢሆን ከ100 ዲግሪ በእጅጉ ያልፋል። ስለዚህ ምራቁ ሁልጊዜም ይንጫጫል። መፍራት የሚገባው ዳገት ላይ ጉልበት ሲከዳ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናጥ ጠጠር ሲንቀጫቀጭ፣ የተቃጠለ ዘይት ሲሸት ነው።

ሁለተኛው ውሃ መድፋት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ደጀን አፋፍ ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ስደፋበት «ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በማግስቱ ከሲሊንደሩ የማቀዝቀዣ ክንፎች አንዱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። በርካሽ አመለጥኩ። ውሃው ሲነካው ሲሊንደሩ በድንገት ይኮማተራል፤ ውስጥ ያለው ፒስተን ግን እንደጋለና እንዳበጠ ነውና ልብስ እንደጠበበው ሰው ይሆናል። ፒስተኑ ተጣብቆ ሊቀር፣ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ከረጅም መንገድ ተመልሶ በቀጥታ ላቫጆ መግባትም ያው ነው። በሌላ በኩል፣ እነዚያ ቀጫጭን ክንፎች በጭቃ ከተደፈኑ ነፋሱ የሚነካው ብረት አያገኝም፤ ሞተሩ ሲበርድ ማጠብ ግዴታ ነው።

ሌላው ደግሞ «ቆሞ እየሠራ ይቀዝቅዝ» ማለት ነው። የቆመ ሞተር ሳይክል ነፋስ የለውም፤ እያመነጨ ያለውን ሙቀት የሚወስድለት ማንም የለም። አጥፍተው ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። (ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ሞተሩ ከኋላ የተደበቀ በመሆኑ የራሱ ማራገቢያ አለው፤ የእሱ ጉዳይ ለብቻው ነው።)

ዘይትን በተመለከተ የሚያሳዝነው፣ ለክቶ መሳሳቱ ነው። ሞተር ሳይክሉ በጎን መቆሚያው ላይ አዘንብሎ ሳለ የተለካ ዘይት ውሸታም ነው። በመሃል መቆሚያው ቀጥ ብሎ፣ ጠፍቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈው በኋላ ይለኩ። መለኪያው በብዙዎቹ ላይ ጠርጎ ማስገባት ብቻ እንጂ ማጥበቅ አይፈልግም፤ የእርስዎን ሞዴል መመሪያ ይመልከቱ። የመኪና ዘይት መሙላትም ሌላ ጣጣ ነው። በሞተር ሳይክል ውስጥ አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያጠጣል። ነዳጅ እንዲቆጥቡ የተሠሩት የመኪና ዘይቶች ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ደግሞ ራሱ ምድጃ ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ይፈልጉ።

አሁን ብዙ መካኒኮችም ወደሚስቱት ልምጣ፦ የነዳጅና የአየር ምጣኔ። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይግላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ነዳጅ እሳት ነው ብሎ ስለሚያስብ። ነገር ግን ነዳጁ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል፤ ሲሳሳ ይህ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ካርቡሬተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ማርሚታው ይጠቁራል። ጎበዝ መካኒክ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ባነሰ ይለውጥልዎታል። ደስ ብሎዎት ያንኑ ሞተር ሳይክል ወደ መተማ ወይም ወደ ጋምቤላ ቆላ ይዘው ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ግን ባለበት ነው። ከዚያ «ሙቀቱ ነው» ይባላል። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳትም፣ በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጎማ ሲሰነጠቅ ዝም ማለትም ውጤታቸው ይኸው ነው።

ፍርዱ ካንዴላው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፈትተው ጫፉን ይዩት፤ ማኪያቶ መልክ ካለው ደህና ነው፣ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፣ እንደ ኖራ ከነጣ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ካንዴላውን ሲቀይሩ «ገጠመ እኮ» ብለው አይለፉት። በኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፤ ዲ8ኢኤ የሚፈልገውን ሞተር ዲ6ኢኤ ቢያስሩለት ይግላል። በቦሽ ካንዴላ ደግሞ የቁጥሩ ትርጉም ተቃራኒ ነው፤ ይህን የፈጠረው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ሞተሩን ፈትቶ ከመዘርገፍ በፊት መንኮራኩሩን መፈተሽ የሚረሳ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣል። የኋላ ፍሬን ሲጠብቅ ወይም ካቴናው ሲወጠር ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ሲጎትት ይውላል። በመሃል መቆሚያው አቁመው የኋላ ጎማውን በእጅዎ ያዙሩት፤ በቀላሉ ካልዞረ ጥፋቱ እዚያ ነው። የፍሪሲዮን እጀታም ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ልል መሆን አለበት።

ራዲያተር ያላቸው ዘመናዊዎቹ ላይ ያለው ስህተት አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ክዳኑን ጋል ብሎ ሳለ መክፈት። ውስጡ በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ነው፤ ፊት ያቃጥላል።

የቀረው አነዳድ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ደጀን የሚወጣ ሰው የዳገቱንም የቁልቁለቱንም ስህተት በአንድ ቀን ሊፈጽም ይችላል። ሽቅብ ሲወጣ፣ «ሞተሩን ላሳርፈው» ብሎ ከፍ ባለ ማርሽ ያጓራዋል። ሰውና ኩንታል ጭኖ በዝግታ የሚጓራ ሞተር ዝቅ ባለ ማርሽ ከሚጮኸው ይልቅ ይጎዳል። ቁልቁለቱ ደግሞ ዘይታቸው ከነዳጅ ጋር ለሚቃጠል አሮጌ ያማሃዎች አደገኛ ነው። ነዳጅ መስጠት ሲያቆሙ ዘይቱም ያንሳል፤ ጎማው ግን ሞተሩን በፍጥነት ማዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ እየወረዱ አልፎ አልፎ ትንሽ ነዳጅ ይስጡት። ሞተሩ ተጣብቆ የኋላ ጎማው በድንገት ሲያዝ ከተሰማዎት ፍሪሲዮኑን ወዲያውኑ ይጨብጡ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ እስኪበርድም የማስነሻ መርገጫውን አይንኩት።