በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ የቤት ኢንተርኔት ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ ወይም በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ለቤቱ ኢንተርኔት ሲፈልግ፣ ገመድ እስኪዘረጋለት ከመጠበቅ ይልቅ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ገዝቶ በዚያው ቀን ሥራ መጀመር ይቀለዋል። ለተከራይ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል፤ ግድግዳ ለመብሳት አከራዩን ማስፈቀድ የለበትም፤ ጥቅሉ ከአንድ አድራሻ ጋር ካልተሳሰረ በስተቀር ቤት ሲቀይርም ራውተሩን ይዞት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ራውተሩን በገዙ በወሩ ተስፋ ቆርጠው ወደ ካርቶኑ ሲመልሱት አያለሁ፤ ምክንያታቸውን ሲጠየቁም «እዚህ ሰፈር ኔትወርክ የለም» ይላሉ። በመሀል አዲስ አበባ ግን ይህ አባባል ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። እዚህ የሚያስቸግረው የሲግናል እጥረት ሳይሆን መደራረቡና በእያንዳንዱ ታወር ላይ የሚጫነው ተጠቃሚ ብዛት ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ካለመረዳት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁለት የተለያዩ ሞገዶችን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ራውተሩ በአንድ በኩል ከታወሩ ጋር በሞባይል ሞገድ ይገናኛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከቤቱ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥን ጋር በዋይፋይ ይገናኛል። ስልክዎ ላይ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚነግርዎ ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ራውተሩ ከታወሩ የሚያገኘው ግን እጅግ ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ሲዘገይ መጀመሪያ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ተቀምጠው ፍጥነቱን ይለኩ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ በታወሩ በኩል ነው፤ እዚያ ፈጥኖ መኝታ ቤት ሲገቡ ከቀዘቀዘ ደግሞ ችግሩ የዋይፋዩ ነው። ይህን ሳይለዩ የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ያባክናል፤ ለዋይፋይ ችግር ውድ ጥቅል የሚገዙ፣ ለታወር ችግር ደግሞ የዋይፋይ ማራዘሚያ የሚገዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሳይሞክሩ መግዛት ሌላው ትልቅ ስህተት ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን የነበረው አንድ አገልግሎት ሰጪ ብቻ ስለነበር «የቱን ልምረጥ» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በ09 የሚጀምረውንም በ07 የሚጀምረውንም መስመር በገዛ ቤትዎ ውስጥ አወዳድሮ መምረጥ ይቻላል። ራውተር ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ሲም ካርዶች በየተራ አንድ ስልክ ላይ አስገብተው ራውተሩን ሊያስቀምጡበት ባሰቡት ቦታ ላይ ይሞክሩ። የጎረቤት ምስክርነት ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ መስኮት ወደ መንገዱ፣ የእርስዎ ደግሞ ወደ ጓሮ የሚመለከት ከሆነ ሁለት የተለያዩ ሰፈሮች ውስጥ እንደሚኖሩ ይቁጠሩት። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው አካባቢው ስለተለወጠ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተነገረ ምክርም ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

የሚሞከርበት ሰዓትም ከቦታው ያላነሰ ይወስናል። የአንድ ታወር አቅም በዚያ ሰዓት ለሚጠቀሙት ሁሉ የሚከፋፈል ነው። በሜክሲኮ፣ በስታዲየም ወይም በመርካቶ ዙሪያ ቀን ቀን ቢሮውና ሱቁ ሲያጨናንቀው፣ በመኖሪያ ሰፈሮች ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ይከፍታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለክቶ በውጤቱ ተደስቶ የገዛ ሰው፣ ማታ ልጆቹ ትምህርታቸውን ሊከታተሉ ሲቀመጡ የሚያገኘው ሌላ ኔትወርክ ነው። ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይለኩና ውሳኔዎን በዝቅተኛው ውጤት ላይ ያድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ይኸውም የሲግናል መስመሮቹን ቆጥሮ ማመን ነው። በራውተሩ ፊት የሚበሩት ሦስት ወይም አምስት መብራቶች የሚያሳዩት በጣም ሻካራ ግምት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ከራውተሩ ጋር የተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ መቃኛውን (ብራውዘሩን) ከፍተው በራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 የሚለውን፣ ያስገቡና ስለ ሲግናሉ የሚገልጸውን ገጽ ይፈልጉ። እዚያ ከሚያገኟቸው ቁጥሮች ሁለቱ ይበቃሉ። አርኤስአርፒ (RSRP) የሚባለው ከታወሩ የሚደርሰውን ጉልበት ያሳያል፤ −80 ዲቢኤም አካባቢ በጣም ጥሩ፣ −100 አካባቢ የሚያሠራ፣ ከ−110 የወረደው ደካማ ነው። ልኬቱ እንደ ሜትር ወይም ኪሎ የሚቆጠር ስላልሆነ በየ10 ቁጥሩ ጉልበቱ በ10 እጥፍ እንደሚለያይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በ−80 እና በ−100 መካከል ያለው ልዩነት 20 ሳይሆን 100 እጥፍ ነው። ሁለተኛው ሲንር (SINR) የሚባለው ሲሆን የሚፈለገው ሲግናል ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይለካል፤ ከ20 በላይ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን መብራቶቹ ሁሉ በርተው ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል።

በመሀል ከተማ ከሁለቱ ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው። ታወሮቹ የተቀራረቡ በመሆናቸው አንዱ ቤት ውስጥ የሦስት ወይም የአራት ታወር ድምፅ በአንድነት ይገባል፤ ይህም በሰርግ ቤት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራዎ አንዱንም አጥርቶ መስማት እንደማይቻለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላክል፤ ይኸውም «ከፍ ባለ መጠን ይሻላል» የሚለው እምነት ነው። የታወር አንቴናዎች የተተከሉት መንገድና ሰፈር እንዲያገለግሉ ወደ ታች ትንሽ አዘንብለው ነው፤ ስለዚህ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ከዋናው ጨረር በላይ ሆኖ፣ በምትኩ ከሩቅ ያሉትን ታወሮች ሁሉ በግልጽ ያያል። ጉልበቱ ከፍ ብሎ ጥራቱ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው በቀበናና በግንፍሌ ወንዞች ዳር ወደ ታች ወርደው የተሠሩ ቤቶች በገደሉ ስለሚከለሉ የሚቀበሉት ታወር ጥቂት ነው፤ ጉልበቱ ቢያንስም አንዱን መስኮት በትክክል ካገኙት ጥራቱ የሚያስደስት ሊሆን ይችላል።

ራውተሩን የት እናስቀምጥ በሚለው ላይ የምናገረው ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምኖርበት ቤት ራውተሩን ለወራት ያስቀመጥኩት እንደ ብዙዎቻችን ሳሎን ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነበር፤ አቧራ እንዳይነካውም ዳንቴል አልብሼው ነበር። ከውጭ አገር እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ምስሏ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግረን ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አሳደግኩ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ቁጥሩን ሳየው −108 ነበር። ራውተሩን በኤክስቴንሽን ይዤ ክፍል ለክፍል ስዞር የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ −89 አገኘሁ፤ 80 እጥፍ ገደማ የሚሆን ልዩነት በዚያው ቤት ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራውተሩ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ፣ ከምድጃው ርቆ ባለ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ጥቅሉንም ወደ ቀድሞው መለስኩት።

ስለዚህ እያንዳንዱን መስኮት ሳይሞክሩ ቦታ አይወስኑ፤ በየቦታው ሁለት ደቂቃ ጠብቀው ሁለቱን ቁጥሮች ይጻፉ። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት፣ የላሜራ በርና የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ክፉኛ ያዳክሙታል፤ በነባር ሰፈሮች ያለ የጭቃ ግድግዳ ደረቅ ከሆነ እንደ ኮንክሪት አያስቸግርም፤ ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ስለሆነ ሲግናሉ በመስኮትና በግድግዳ በኩል እንጂ ከላይ እንዲገባ አይጠብቁ። በረንዳ ላይ ውኃ የሞላ ሮቶ ካለ ከጀርባው ራውተር አያስቀምጡ፤ ውኃም ሞገድ ይውጣል። ዳንቴሉን በሚመለከት ደግሞ ጉዳቱ ሲግናል መከልከሉ ሳይሆን ሙቀት ማፈኑ ነው፤ የጋለ ራውተር ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የቀን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮትም እንዲሁ ጥሩ አይደለም።

በዋይፋዩ በኩል ያለው ስህተት አጭር ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርትዝ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ የሃያ ጎረቤት ዋይፋይ የሚጋፋበት እርሱ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎቹም 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን በ5 ያገናኙ፤ 2.4ን ለሩቁ ክፍል ይተዉት።

የጥቅል ምርጫ ላይ ደግሞ ሜጋቢትንና ሜጋባይትን ማምታታት ሰውን ያስቆጫል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው እንጂ 10 አይደለም። በ5 ሜጋቢት የሚታይ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይበላል፤ አንድ ቤተሰብ በየማታው ሦስት ሰዓት ቢያይ በወር 200 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። «ያልተገደበ» የሚል ጥቅል ሲገዙም ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነና ወደ ስንት እንደሚወርድ በጽሑፍ የቀረበውን ውል አንብበው ይፈርሙ፤ ሻጩ በቃል የሚናገረው አይበቃም።

ራውተሩን ራሱን ከዘመድ በስጦታ ሲቀበሉ ወይም መርካቶ ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ በሌላ አገር ኔትወርክ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም እዚህ በሚሠራባቸው የፍሪኩዌንሲ ባንዶች መሥራት አለመሥራቱን። ሲም ካርዱን አስገብተው ሱቁ ውስጥ ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው፤ ይሁንና 5ጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምባቸው ከፍ ያሉ ሞገዶች ግድግዳ ሲያልፉ ይበልጥ ስለሚዳከሙ፣ መንገድ ላይ ስልክዎ 5ጂ ስላሳየ ብቻ ውዱን ራውተር መግዛት ጥበብ አይደለም። ሳሎንዎ ውስጥ ካላሳየ ጥሩ የ4ጂ ራውተር ይሻልዎታል።

የውጭ አንቴና የመስኮት ሙከራው ካልተሳካ ብቻ የሚታሰብ ነው። ራውተሮቹ በሁለት አንቴና በአንድነት ስለሚሠሩ ባለ አንድ ገመድ አንቴና ግማሽ ያህሉን አቅም ሊያሳጣዎ ይችላል፤ ገመዱ በረዘመ መጠንም ያገኙትን መልሶ ይበላዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አንቴና ሁሉ በባለሙያ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፤ መብረቅ የሚያደርሰው ጉዳት ከራውተሩ አልፎ ወደ ሰው ይደርሳል።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔትም ይጠፋል ብሎ መቀበል ደግሞ አላስፈላጊ ትዕግሥት ነው። ራውተር የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ነው፤ አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ተጽፎ ከሆነ ቢበዛ 12 ዋት ነው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 10 ዋት ለሚወስድ ራውተር በወረቀት ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል፣ በተግባር ከሦስት ሰዓት በታች ያቆየዋል። ለዚሁ የተሠሩ ትንንሽ የመጠባበቂያ ባትሪዎች አሉ፤ ሲገዙ የቮልቱ ቁጥር ከአዳፕተሩ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለ9 ቮልት የተሠራ ራውተር ላይ 12 ቮልት መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል ግፊትም ብዙ አዳፕተሮችን ስለሚያበላሽ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ መጠቀም ይገባል።

የደኅንነት ካሜራ ለመትከል ያሰቡ ሰዎች የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) ስለሚጋሩ፣ ከቢሮ ሆነው ወደ ቤት ካሜራ በቀጥታ ለመግባት የሚደረግ የራውተር ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ በአምራቹ መተግበሪያ በኩል የሚገናኝ ካሜራ ይምረጡ። በፋብሪካው የተሰጠውን የራውተሩን የቅንብር ገጽ መግቢያ የይለፍ ቃል መለወጥ ደግሞ ለዋይፋዩ ብቻ ጠንካራ ቃል ካወጡ በኋላ የሚረሳ ነገር ነው፤ በአንድ ግቢ ከተከራዮች ጋር ለሚጋሩ ቤቶች፣ ዋይፋዩን የሰጡት ሰው ሁሉ የራውተሩን ቅንብር መለወጥ ይችላል ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱንም ይለውጡ። ለእንግዳና ለጎረቤት የሚሆን ሌላ የዋይፋይ ስም መክፈት አብዛኞቹ ራውተሮች ይፈቅዳሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አገልግሎቱ ካልተስተካከለ የሚቀረው አቤት ማለት ነው፤ እዚያም ላይ «ኢንተርኔቴ ደካማ ነው» ብሎ መናገር ሠራተኛውን የሚረዳው ነገር የለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተለካውን ፍጥነት፣ ሁለቱን የሲግናል ቁጥሮችና ራውተሩ የተገናኘበትን የታወር መለያ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ወደ 994 ሲደውሉ ወረቀቱን ፊትዎ አስቀምጠው ያንብቡላቸው።