ከቦሌ ኤርፖርት ወደ መሀል ከተማ፣ ከነሻንጣችሁ

ቦሌ ኤርፖርት ለከተማው ቅርብ ነው። እስከ መስቀል አደባባይ ቢበዛ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ጭር ካለ ሳታስቡት ትደርሳላችሁ። ሰውን የሚያሰቃየው ርቀቱ ሳይሆን ዕቃው ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ፣ አንድ የእጅ ሻንጣና ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ይዞ የሚወጣ ሰው ከ50 ኪሎ በላይ ይዟል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ። ስለዚህ መጓጓዣችሁን በዋጋው ሳይሆን በዕቃችሁ ብዛት ምረጡ። ደግሞም ከተርሚናሉ በር ሳትወጡ ወስኑ። ከወጣችሁ በኋላ አንዱ ጋሪውን ልያዝላችሁ ይላል፣ ሌላው "ታክሲ ፈልጋችሁ ነው?" ይላል፣ ሦስተኛው ቀድሞ ሻንጣውን ያነሳል፣ ደክሞት የቆመ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን ነው እሺ የሚለው።

ውስጥ ሳላችሁ የምትጨርሱት ሦስት ነገር አለ። ሻንጣ ስትቀበሉ ታጉን ከያዛችሁት ቁራጭ ጋር አመሳክሩ፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ ማሰር ብዙ ጣጣ ያድናል። ከዚያ የሚሠራ ሲም ካርድ ይኑራችሁ፤ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም እዚያው ይገኛል። የውጭ ቁጥር ይዛችሁ መኪና ብትጠሩ ሾፌሩ መልሶ ሊደውልላችሁ አይፈልግም፣ ቢደውልም አይገናኝም። በመጨረሻ ለታክሲ የሚሆን ትንሽ ብር እዚያው ባንክ መንዝሩ።

አሁን መኪናው። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ራይድ ወይም ፈረስን የመሰለ በስልክ የሚጠራ የመኪና አገልግሎት ነው፤ ዋጋው ሜትር ላይ ስለሚታይ ክርክር የለም። አፑ ከሌላችሁ ለራይድ 8294 ደውላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ወይም ቤት ያለ ዘመድ ያዝላችሁና የሾፌሩን ስልክና የታርጋ ቁጥሩን ይላክላችሁ። ሾፌሩ ደውሎ "ሲስተሙን አጥፍተን እንስማማ" ካለ እሺ አትበሉ። ሌላ መኪና ጥሩ።

ዋናው ጥያቄ ግን የሚመጣው መኪና ምን ያህል ዕቃ ይይዛል የሚለው ነው። ከሚመጡት ብዙዎቹ ቪትዝ የሚባሉት ትንንሽ የቶዮታ መኪኖች ናቸው። ቪትዝ ከኋላ የምትይዘው አንድ ትልቅ ሻንጣ ነው፣ እሱም በጎኑ ተጋድሞ። ሁለተኛው የኋላ ወንበር ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ ተሳፋሪው አንድ ከሆነ ይበቃል፤ ሁለት ሰው አራት ሻንጣ ይዞ ከሆነ ግን በፍጹም አይሆንም። ወንበር ላይ የሚሄደውን ሻንጣ ጎማውን ወደ ታች አድርጋችሁ ከፊት ወንበሩ ጀርባ ካለው ክፍተት ጋር አስጠጉት፣ ከሥሩም አሮጌ ሻርፕ ወይም ጋዜጣ አንጥፉ። ሾፌሮች የሚቆጡት ስለ ክብደቱ አይደለም፣ ጎማው የወንበሩን ልብስ ስለሚያቆሽሽ ነው፣ እውነታቸውንም ነው። ሾፌሩ ሲደውል ገና "የት ናችሁ?" ከማለቱ በፊት እናንተ ቅደሙ፦ "ወንድሜ፣ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዘናል፣ መኪናህ ይችላል?" በሉት። ካልቻለ ያኔውኑ ይነግራችኋል፤ እሱም ነዳጁን አያቃጥልም፣ እናንተም ፓርኪንግ ውስጥ አትጨቃጨቁም። ለቤተሰብ ከሆነ ሚኒቫን እዘዙ፣ ወይም ሁለት መኪና ያዙ። ሁለት ቪትዝ ማለት ውድ ይመስላል፣ ግን በየመኪናው አንድ የቤተሰብ ሰው ከዕቃው ጋር ከተቀመጠ ከሁሉም ሰላማዊው ነው። ሻንጣ ብቻውን አይላክ።

እዚያው የሚቆሙት ቢጫ ታክሲዎችም ጥሩ ናቸው፣ በተለይ ስልካችሁ ባትሪ ከጨረሰ። ዋጋ የምትነጋገሩት ግን ሻንጣው መሬት ላይ እያለ ነው። ጥያቄው ሙሉ ይሁን፦ "እስከ ፒያሳ፣ ከነዕቃው፣ ስንት?" ይህችን "ከነዕቃው" የምትለዋን ካልጨመራችሁ ቤት በር ላይ "የሻንጣው ሌላ ነው" የሚል ወሬ ይመጣል። የሰፈሩን ስም ብቻ አትስጡ፤ ፒያሳ ማለት አራዳ ጊዮርጊስም ነው፣ ማዘጋጃ ቤትም ነው፣ የምትወርዱበትን ምልክት ተናገሩ።

ከቤሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ ለምትመለሱ እህቶች ለብቻው የምለው አለኝ። ያ ሻንጣ የዓመታት ላባችሁ ነው፣ ከተማውንም የማታውቁት ልትሆኑ ትችላላችሁ። ተቀባይ ከሌላችሁ፣ ወይም ከማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ካረፋችሁ፣ ወደማታውቁት ሰፈር በሌሊት አትሂዱ። ብዙ የአዲስ አበባ ሆቴሎች እንግዳ የሚቀበሉበት ሰርቪስ አላቸው፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙት። ወይም ቦሌ አካባቢ እደሩና ጠዋት ተጓዙ። ጎንደርም ደሴም የምትሄዱ ከሆነ ከኤርፖርት በቀጥታ መናኸሪያ ገብቶ ማደር ከነዚያ ሁሉ ሻንጣዎች ጋር ከባድ ነው። ብዙዎቹ የረጅም ርቀት አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ወደ 11 እና 12 ሰዓት ላይ ነው የሚነሱት፣ ስለዚህ ለመናኸሪያው የምትሄዱበትን መኪና ማታውኑ ጨርሱት። ፓስፖርትና ገንዘብ ሻንጣ ውስጥ አይሁን፣ ሰውነታችሁ ላይ ይሁን።

ሚኒባስስ? አንድ ሻንጣ ከሆነ ይቻላል። ከተርሚናሉ እስከ ዋናው መንገድ በእግር ይወጣል፣ ከዚያ ወደ መስቀል አደባባይና ስታዲየም የሚጠሩ ሰማያዊ ታክሲዎች አሉ። ግን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው አትሞክሩት፤ ባዶ እጁን ያለ ሰው እንኳ እየተጋፋ ነው የሚገባው። ከሰዓቱ ውጪ ከሆነ ረዳቱን ሳትገቡ አነጋግሩት፦ "ለሻንጣው የአንድ ሰው እከፍላለሁ" በሉት፣ ፊቱ ወዲያው ይፈታል። የመጨረሻው ወንበር ጥግ ያዙ፣ ሻንጣውን በጉልበታችሁና በፊት ወንበሩ መሀል አቁሙት፤ መተላለፊያ ላይ ከተዋችሁት በየፌርማታው ትነሳላችሁ። ከአንድ ሻንጣ በላይ ከሆነ ግን ኮንትራት ያዙ። ባቡሩን አትቁጠሩት፣ ኤርፖርት አይደርስም፤ ከሱ ላይ በከባድ ሻንጣ መውጣትና መውረድ ደግሞ ለራሱ ሌላ ጉዞ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ የተለመደው በቦሌ መንገድ በወሎ ሰፈር፣ በኦሎምፒያ፣ በፍላሚንጎ ቀጥ ብሎ መስቀል አደባባይ የሚገባው ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በሚካሄድበት በየካቲት ሰሞንና ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ይህ መንገድ ድንገት ይዘጋል። በመስከረም 16 ለደመራ፣ በኅዳር ደግሞ ለታላቁ ሩጫ መስቀል አደባባይ ዙሪያው ይዘጋል። በእነዚህ ቀናት በቦሌ መድኃኔዓለም በሃያ ሁለት ወጥቶ በዑራኤል መግባት የተሻለ ነው፣ እሱም ይጨናነቃል ግን ይንቀሳቀሳል።

ኮንዶሚኒየም የምትገቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም፣ ሾፌሩም ደረጃ ላይ ሻንጣ የመሸከም ግዴታ የለበትም። መንገድ ላይ ሳላችሁ ቤት ደውላችሁ የሰፈር ወጣት ታች እንዲጠብቅ አድርጉ፤ ለልጁም የድካሙን ስጡት።

አሁን ወደ ኤርፖርት መመለሱ። ትኬቱ ላይ 22:30 ከተጻፈ ከማታው 4 ሰዓት ተኩል ነው። የትኬቱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ቀይሩና ለሚሸኛችሁ ሰው ጭምር ጻፉለት፤ በሰዓት አቆጣጠር ግራ መጋባት አውሮፕላን ያስመልጣል። ለዓለም አቀፍ በረራ 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ የማታ መጨናነቅ ካለ ደግሞ ከቤት አንድ ሰዓት ጨምራችሁ ውጡ። ለሾፌሩም ተርሚናሉን ንገሩት፦ ዓለም አቀፍ ከሆነ ተርሚናል 2፣ የአገር ውስጥ ከሆነ ተርሚናል 1።

ሻንጣውን ቤት መዝኑት። የሰው ሚዛን ካለ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ውጡበት፣ ከዚያ ሻንጣውን አቅፋችሁ፣ ልዩነቱ የሻንጣው ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦ ቆሎው ሲጨመር ኪሎው ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው። ቅቤና በርበሬ በየራሳቸው በድርብ ላስቲክ ይታሰሩ፣ ከላይ ይቀመጡ፣ ቢፈተሹም ሙሉ ሻንጣው አይበተንም። በሩ ላይ ሻንጣ ሁሉ በማሽን ያልፋል፣ ወደ ውስጥ የሚገባውም ተጓዥ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሸኛችሁን ሰው "በቃ ሂድ" ብላችሁ አትሸኙት። ሚዛኑ አልፎ ቦርዲንግ ፓስ እስክትይዙ ውጪ ይጠብቃችሁ፤ ኪሎ ቢበዛ ሽሮውን የሚመልስላችሁ እሱ ነው።